የጊታር ፒክአፕ ከመለወጣችን በፊት ምን እንለካ?

«ፒክአፕ» የሚለው ቃል ሲነሳ ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ቀድሞ የሚታየው ከኋላው ዕቃ የሚጫንበት መኪና ነው። በካዛንቺስ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ጊታር ይዘው ላመሹ ሙዚቀኞች ግን ቃሉ ሌላ ፍቺ አለው። ለእነርሱ ፒክአፕ ማለት ከጊታር ክሮች ሥር ተገጥሞ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ፣ ከእጅ መዳፍ ያነሰ መሣሪያ ነው። ፒክአፕ የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር አፍ እያለው እንደማይናገር ሰው ነው።

እስቲ አንድ ወጣት ጊታር ተጫዋች በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ጊታሩን የገዛው ከሌላ ተጫዋች ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ይከተለዋል፤ ድምፁም ከሳክስፎኑና ከኪቦርዱ መካከል ጠርቶ አይወጣም። ጓደኞቹ «ፒክአፑን ቀይረው» ይሉታል። የወራት ቁጠባውን አውጥቶ፣ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ አዲስ ፒክአፕ አስመጥቶ ያስገጥማል። በዚያው ሳምንት መድረክ ላይ ሲወጣ ጉምጉምታው እንደነበረ ይጠብቀዋል። ዕቃው አይመለስ፣ ገንዘቡ አይመለስ።

ይህ ወጣት የተሳሳተው ፒክአፕ በመለወጡ አይደለም፤ ሳይለካ በመለወጡ ነው። በዚህ ጽሑፍ ፒክአፕ በምን የፊዚክስ ሕግ እንደሚሠራ፣ ከመግዛታችን በፊት የትኞቹን ነገሮች መፈተሽ እንደሚገባን፣ በመጨረሻም ለየትኛው ሥራ የትኛው ዓይነት እንደሚስማማ እንመለከታለን።

ካዛንቺስና የኤሌክትሪክ ጊታር

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስያሜውን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ተቋም በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር፣ «ካዛ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የሚለው አጠራር በአንደበት ሲመላለስ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። አካባቢው ከጊዜ በኋላ የሆቴሎች፣ የቡና ቤቶችና የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ ሆነ። ከሠፈሩ ጥግ በሚገኘው ሂልተን ሆቴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ ቋሚ መድረክ ነበረው። በዚያው ዘመን አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አህመድ ጋር «እረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ፣ በአይቤክስ ቆይቶም በሮሃ ባንድ የተጫወተው ሰላም ሥዩም ኤሌክትሪክ ጊታር ለኢትዮጵያ ቅኝቶች ምን ያህል ሊታዘዝ እንደሚችል አሳይቷል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ የካዛንቺስን የአዝማሪ ቤት ባህል ከሌላው ዓለም ሙዚቃ ጋር ሲያገናኝ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ፣ ነዋሪዎችና የንግድ ቤቶች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ለሙዚቀኛው ይህ ማለት የለመደውን መድረክ ትቶ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው መዞር ማለት ነው። እያንዳንዱ አዳራሽ የራሱ የመብራት መስመር፣ የራሱ መብራቶች፣ የራሱ ጄኔሬተር አለው። በአንዱ ቤት ጸጥ ያለ ጊታር በሌላው ሊያጉረመርም ይችላል። ስለዚህ የፒክአፕ ምርጫ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አሳሳቢ ነው።

ፒክአፕ እንዴት ይሠራል?

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያስተዋለው ነገር ቀላል ቢመስልም ዓለምን ለውጧል። በሽቦ ጥምጥም ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት መስክ ሲለዋወጥ በሽቦው ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ከግልገል ጊቤ የሚመነጨውን ኃይል የሚያስገኙ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። የጊታር ፒክአፕም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ መጠን ብቻ ነው።

ከጊታሩ ክሮች ሥር ማግኔቶች ተደርድረዋል፤ በዙሪያቸውም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። የብረት ክሩ ከማግኔቱ አጠገብ በመሆኑ እርሱም ማግኔትነት ያድርበታል። ክሩ ሲመታና ሲንቀጠቀጥ በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈውን መስክ ያወዛውዛል። በመሆኑም ክሩ በሰከንድ 110 ጊዜ ሲንቀጠቀጥ 110 ሄርዝ ምልክት ይወጣል። ይህን አሳብ ለጊታር ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጆርጅ ቢቻም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራው ጊታር ከቅርጹ የተነሳ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር።

ታዋቂው የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ በአንዱ ፒክአፕ ላይ የሚጠመጠመው ሽቦ ውፍረት 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ ይህም ከሰው ፀጉር ጋር የሚቀራረብ ነው። የጥምጥሙ ዙር ብዛት ከ7,500 በላይ ሲሆን፣ ተዘርግቶ ቢለካ ሽቦው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዚህ ሁሉ ሽቦ የሚወጣው ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ነው። ምልክቱ ደካማ በመሆኑ በአካባቢው ያለ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሁከት በቀላሉ ይቀላቀልበታል።

ጉምጉምታው ከየት ይመጣል?

በአገራችን የመብራት መስመር 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር፣ በግድግዳው ውስጥ ያለፈው ሽቦ፣ የፍሎረሰንት መብራቱ ሁሉ በዚሁ ምት የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ይረጫሉ። የፒክአፑ ጥምጥም ይህ መስክ ከክሩ ይምጣ ከትራንስፎርመሩ መለየት አይችልም። ሁለቱንም እኩል ይሰማል።

«የቶን መቆጣጠሪያውን ብንቀንሰውስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱም ጉምጉምታው የሚገኘው በ50 ሄርዝና በእርሱ ብዜቶች በተለይም በ100 ሄርዝ ላይ ነው። የጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 82 ሄርዝ ላይ ይቃኛል፤ በሦስተኛው መርገጫ ላይ ሲያዝ 98 ሄርዝ ይሰጣል። ከ100 ሄርዙ ጉምጉምታ የሚለየው በሁለት ሄርዝ ብቻ ነው። ጉምጉምታውን በማጣሪያ እናስወግድ ብንል ሙዚቃውንም አብረን እናስወግዳለን።

መፍትሔው ከማጣሪያ ሳይሆን ከጂኦሜትሪ መጣ። በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለሁለት ጥምጥም ፒክአፕ የፈጠራ መብት አመለከተ። ይህ ዓይነት ፒክአፕ ሀምበከር ይባላል። አሠራሩ የሚከተለው ነው። ሁለተኛው ጥምጥም ከመጀመሪያው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ ማግኔቱም ተገልብጦ ይቀመጣል። ለክሩ ምልክት ሁለት ተቃራኒዎች ስለተደራረቡ፣ ማለትም ማግኔቱም ጥምጥሙም ስለተገለበጡ፣ ሁለቱ ቮልቴጆች ይደመራሉ። ከውጭ ለሚመጣው ጉምጉምታ ግን የማግኔቱ መገልበጥ ምንም አይለውጥም፤ የተገለበጠው ጥምጥሙ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ቮልቴጆች ይጣፋሉ። ሲቀነስ የተቀነሰ ሲደመር ይሆናል የሚለውን የአልጀብራ ሕግ ለምናውቅ ተማሪዎች ይህ ውብ ምሳሌ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ሦስት ፍተሻዎች

ይሁን እንጂ ሀምበከር የሚያጠፋው ከማግኔት መስክ የሚመጣውን ሁከት ብቻ ነው። የሁከት ምንጭ ብዙ በመሆኑ አስቀድመን ምንጩን እንለይ። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የጊታሩን የድምፅ መቆጣጠሪያ ዜሮ ላይ እናድርገው። ጉምጉምታው ካልጠፋ ችግሩ ከገመዱ፣ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከመብራት መስመሩ ነው። ፒክአፕ ብንለውጥ ምንም አናተርፍም።

ሁለተኛ፣ መቆጣጠሪያውን ከፍተን በቆምንበት ቀስ ብለን እንዙር። በአንድ አቅጣጫ ጉምጉምታው ከደከመና በሌላ ከበረታ፣ ጥምጥሙ የማግኔት መስክ እየቀለበ ነው። በዚህ ጊዜ ሀምበከር በእርግጥ ይጠቅማል። አንዳንድ ባለ ሦስት ፒክአፕ ጊታሮች ላይ የመካከለኛው ፒክአፕ ተገልብጦ የተጠመጠመ ስለሆነ፣ መምረጫውን በሁለት ፒክአፖች መካከል ስናቆመው ጉምጉምታው ይጠፋል። ይህ ከሆነ መድኃኒቱ ያለ ክፍያ በእጃችን ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ክሮቹን በእጃችን እንንካ። ስንነካቸው የሚቀንስ ሹል ጥዝጥዝታ ካለ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ መስክ ነው፤ ሰውነታችን እንደ አንቴና ሆኖ እያቀበለው ነው። መፍትሔው በጊታሩ ሆድ ውስጥ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቅጠል ለብጦ ከግራውንዱ ጋር ማገናኘት ነው። ስንነካቸው ከባሰ ግን ከክሮቹ ማሰሪያ ወደ ውስጥ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ከድምፅ ጥራት የሚበልጥ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ቤቶች ሶኬቱ የግራውንድ መስመር የለውም፤ ወይም ሰዎች ጉምጉምታ ለማጥፋት ሲሉ የገመዱን የግራውንድ እግር ይቆርጣሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የአምፕሊፋየሩ መከላከያ ቢበላሽ 220 ቮልት በጊታሩ ክሮች ላይ ሊቆም ይችላል፤ ተጫዋቹ በዚያው ቅጽበት ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ሲያስጠጋ መስመሩ በሰውነቱ በኩል ይዘጋል። በዓለም ዙሪያ ሙዚቀኞች በዚህ ምክንያት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ክር ሲነካ ወይም ማይክሮፎን ከንፈርን ሲነካ ንዝረት ከተሰማ ጨዋታው ይቁም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ።

የኦም ቁጥር ለምን ያሳስታል?

ጉምጉምታው ከተፈታ የሚቀረው የድምፁ ጠባይ ነው። በሻጮችና በተጫዋቾች ዘንድ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በኪሎ ኦም ነው፤ «8 ኪሎ ኦም ስለሆነ ከ6ቱ ይበረታል» ሲባል እንሰማለን። በቴስተር በቀላሉ ስለሚለካ ነው እንጂ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉሙ ትንሽ ነው። ቀጭን ሽቦ ከወፍራም ሽቦ የበለጠ ተቃውሞ አለው። አንድ ደረጃ በቀጠነ ሽቦ ተመሳሳይ ዙር ብንጠመጥም ተቃውሞው ሩብ ያህል ይጨምራል፤ የሚወጣው ምልክት ግን አይጨምርም። የመዳብ ተቃውሞ ከሙቀትም ጋር ይለዋወጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ተቃውሞው በ4 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ጠዋት 8.0 ኪሎ ኦም የነበረው በትኩስ መድረክ ላይ 8.3 ሊሆን ይችላል።

የድምፁን ጠባይ በይበልጥ የሚወስነው ኢንዳክታንስ ነው፤ የሚለካውም በሄንሪ ነው። ጥምጥሙ ኢንዳክታንስ አለው፣ ከጊታሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ገመድ ደግሞ ካፓሲታንስ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናውቀው የሬዞናንስ ዑደት ይፈጠራል። በሬዞናንሱ አካባቢ ያለው ድምፅ ጎልቶ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ይደበዝዛል። ሬዞናንሱን ለማግኘት ኢንዳክታንሱን በካፓሲታንሱ አባዝተን፣ የብዜቱን ስኩዌር ሩት በሁለት ፓይ አባዝተን፣ አንድን ለውጤቱ እናካፍላለን።

በቁጥር እንየው። የተለመደ ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ 2.4 ሄንሪ ያህል፣ የተለመደ ሀምበከር ደግሞ 4.4 ሄንሪ ያህል አላቸው። የጊታር ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ይይዛል፤ ለፒክአፑ ራሱ 100 እንጨምር። በ5 ሜትር ገመድ ባለ አንድ ጥምጥሙ በ4,200 ሄርዝ አካባቢ ይጎላል፤ ድምፁ ብሩህና ጥርት ያለ ነው። ሀምበከሩ በ3,100 ሄርዝ አካባቢ ይጎላል፤ ድምፁ የወፈረና የለዘበ ነው።

አሁን ፒክአፑን ሳንነካ ገመዱን ብቻ እንለውጥ። ያው ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ በ3 ሜትር ገመድ 5,100 ሄርዝ ይደርሳል፤ በ9 ሜትር ገመድ ግን ወደ 3,250 ሄርዝ ይወርዳል፣ ማለትም ወደ ሀምበከሩ ይጠጋል። ስለዚህ «ድምፄ ታፍኗል» የሚል ተጫዋች አስቀድሞ አጭር ገመድ ተውሶ ይሞክር። ፒክአፕ ሊገዛበት ያሰበውን ገንዘብ ጥሩ ገመድ ሊያተርፍለት ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን በቤተ ሙከራ ማረጋገጥ ይችላሉ። ጥቂት ዙር ያለው ትንሽ ጥምጥም በፒክአፑ ላይ አስቀምጠን ከሲግናል ጄኔሬተር በተከታታይ መቋቋሚያ በኩል ከ100 እስከ 10,000 ሄርዝ እየቀያየርን እንመግበው፤ የፒክአፑንም ውጤት በኦሲሎስኮፕ እንመልከት። ቮልቴጁ ከፍ ብሎ የሚወድቅበት ነጥብ ሬዞናንሱ ነው። ከዚያም የተለያየ ርዝመት ያለው ገመድ እየጨመርን ነጥቡ ሲሸሽ እንየው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ፍተሻዎቹን ጨርሰን መለወጡ ግድ ከሆነ፣ ምርጫው ከሥራው ይነሳ። በችክችካ ምት ላይ አጫጭር ኮርዶችን ለሚቆርጥና ከነፋስ መሣሪያዎች መካከል ጥርት ብሎ መሰማት ለሚሻ፣ ዝቅተኛ ኢንዳክታንስ ያለው ባለ አንድ ጥምጥም ይስማማል። ከአዳራሽ አዳራሽ የሚዞር ከሆነ ግን በባለ አንድ ጥምጥም መጠን የተሠራ፣ ሁለቱ ጥምጥሞች የተደራረቡበትን ሀምበከር ይምረጥ፤ ጸጥታውን ይዞት ይዞራል፣ ጊታሩም አይቦረቦርም። ረጅም ዜማ እየጎተተ ትዝታን ለሚጫወት የሀምበከሩ ለስላሳ ድምፅ ደስ ያሰኛል።

ከመግዛታችን በፊት በማስመሪያ እንለካ። ከአንደኛው ክር እስከ ስድስተኛው ያለው ርቀት በአንገቱ በኩል 50 ሚሊ ሜትር፣ በክር ማሰሪያው በኩል 52 ወይም 53 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ይታዩ፤ ለባለ አንድ ጥምጥም 250 ኪሎ ኦም፣ ለሀምበከር 500 ኪሎ ኦም የተለመደ ነው። ሀምበከር ገጥመን በ250ው ብንተወው ከፍተኛው ድምፅ ይሞታል፤ ጥፋቱም በፒክአፑ ይሳበባል። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ፒክአፕ ከነባሩ ጋር ሲከፈት ድምፁ ከሳሳና በአፍንጫ የሚወጣ ከመሰለ፣ ሁለቱ እየተጣፉ ነውና የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማለዋወጥ ያስተካክለዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከፍታ ነው። ፒክአፑን ወደ ክሩ ባስጠጋነው ቁጥር ድምፁ ይበረታል፤ ነገር ግን ማግኔቱ ክሩን መሳብ ይጀምራል፤ ቅኝቱም ይዛባል። አንቺ ሆዬን የመሰለ፣ በድምፆቹ መካከል ጠባብ ርቀት ያለበት ቅኝት ለሚጫወት ይህ መዛባት ጎልቶ ይሰማል። ክሩ በመጨረሻው መርገጫ ላይ ተይዞ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትቶ መጀመርና በጆሮ እየሰሙ ማስተካከል ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ ይህ የጠመዝማዛ መፍቻ ሥራ ብቻውን «አዲስ ፒክአፕ» ያስገኛል።

ክራርና ማሲንቆስ?

ይህ ሁሉ የሚሠራው ክሩ ብረት ከሆነ ነው። ማሲንቆ የፈረስ ጭራ፣ ክራርም የጅማት ወይም የናይለን ክር ሲኖረው ማግኔት ምንም አይሰማም። ክራራቸውን በብረት ክር የሚጫወቱ የማግኔት ፒክአፕ ሊገጥሙ ይችላሉ። ለሌሎቹ ፒዬዞ ያስፈልጋል። ፒየርና ዣክ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ቮልቴጅ ይፈጥራሉ፤ የፒዬዞ ጠፍጣፋ ሳንቲም ከመሣሪያው ቆዳ ወይም ከድልድዩ ሥር ተጣብቆ ንዝረቱን ያነባል። ሆኖም ከተራ የድምፅ መግቢያ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቀጭን ጭረት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የመግቢያ ተቃውሞው ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ኦም የሆነ ማጎልበቻ በመካከሉ መግባት አለበት።

ከላይ ወዳነሳነው ወጣት እንመለስ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዜሮ አድርጎ፣ በቆመበት ዞሮ፣ ክሩን ነክቶ፣ አጭር ገመድ ተውሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥበትም ነበር። ከዚያ በኋላ ፒክአፕ ቢገዛ ምን እንደሚገዛ አውቆ፣ ባይገዛም ለምን እንዳልገዛ አውቆ ይሆን ነበር። መድረኩ ከካዛንቺስ ቢነሳም ሙዚቀኛው አልተነሳም። በሚሄድበት አዳራሽ ሁሉ ጊታሩን ብቻ ሳይሆን ይህችን የሩብ ሰዓት ፍተሻም ይዞ ይሂድ።